ፊት ያነሣ ስምም ያንሣ

አማርኛ ለፎቶግራፍ የመረጠለት ግሥ ደግ ግሥ ነው። እንግሊዛዊው ፎቶ «ይወስዳል»፤ እኛ «እናነሣለን»። የወደቀ ይነሣል። ያለቀሰ ሕፃን ከመሬት ይነሣል። የክርስትና ልጅ ከጥምቀቱ ውኃ ይነሣል፤ ክርስትና የሚያነሣውም ሰው ሕፃኑን በእጁ ሲቀበል ስሙን ዐብሮ ይቀበላል። ስም ራሱ የሚነሣ ነገር ነው፤ የሞተውን ሰው ስሙን እናነሣለን፣ የራቀውን በስሙ እናነሣሣዋለን። እንግዲህ በቋንቋችን ፊትን ማንሣትና ስምን ማንሣት ከአንድ ግሥ የተወለዱ ወንድማማቾች ናቸው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያስነሣኝ ሁለቱን ወንድማማቾች የለያየ አንድ ልማድ ነው።

ልማዱን አንባቢ በሚገባ ያውቀዋል። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ነው። አንዲት አሮጊት አለች፤ የፊቷ ሽብሽብ እንደ ታረሰ መሬት ጎልቶ ይታያል። ወይም ጢስ ከሞላው ጎጆ በር ላይ የቆመ ባዶ እግሩን የሆነ ሕፃን አለ። ወይም ከብቱን ተመርኩዞ ወደ ሩቅ የሚያይ ገበሬ አለ። ከግርጌው «ጽናት»፣ «እናት»፣ «ትዝታ» ወይም «አገሬ» የሚል ርእስ ተጽፏል። በቀኝ ጥግ የፎቶግራፍ አንሺው ስም በጥሩ ቁም ጽሑፍ ተቀምጧል። የአሮጊቷ ስም ግን የለም። ይህ ፎቶግራፍ በዐውደ ርእይ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ የግጥም መድበል ሽፋን ይሆናል፣ ስለ እናት ከተጻፈ ስንኝ በላይ ይለጠፋል፤ እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችም «እንዴት ያለ ጥልቀት!» ብለን እናልፋለን። እኔ ይህን ጥልቀት እቃወማለሁ። ጥልቀቱ ከሰዎቹ የተወሰደ፣ ለሰዎቹም ያልተመለሰ ነው።

ጠቤ ከቀለሙ ጋር እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ብርሃንን የሚገልጥ፣ ዓይንን ከግርግር የሚያሳርፍ ክቡር ጥበብ ነው። ጠቤ ጥቁርና ነጩ ዛሬ ከሚሰጠው ፈቃድ ጋር ነው። ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ ባለቀለም ካሜራ አለ። በዚህ ዘመን ቀለሙን አውጥቶ የሚጥል ሰው በዕውቀትም ሆነ ያለ ዕውቀት ዕድሜን ይጨምራል፤ ትናንት የተነሣችው ሴት የአያቱ ዘመን ሰው ትመስላለች። ቀለሙ ሲወጣ ዓመቱ ዐብሮ ይወጣል። ዓመቱ ሲወጣ ቦታው ይደበዝዛል። ቦታው ከደበዘዘ ደግሞ «ይህቺ ሴት ማን ናት?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም፤ ምክንያቱም ሴትዮዋ ሰው መሆኗ ቀርቶ ስሜት ሆናለች።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ የሚጠይቅ ካለ፣ እኔ የቆላ ልጅ ነኝ። አብርሃ ጅራ ነው ያደግሁት፤ ከመተማና ከቋራ ጋር ዛሬ ምዕራብ ጎንደር በሚባለው ዞን፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ባለው የሰሊጥ አገር። የእኛን አገር ካሜራ የሚጎበኘው በሦስት ምክንያት ነው፤ በጦርነት፣ በስደትና በበሽታ። መተማ በመጽሐፍ ስትነሣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1889 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወደቁባት ምድር ሆና ነው የምትነሣው። በ1984 እና በ1985 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቆላው በኩል ወደ ሱዳን በእግሩ የተሻገረው ሕዝብ፣ ረኀብ የነዳውም ሆነ ወደ ኢየሩሳሌም የተመኘው ቤተ እስራኤላዊ፣ በዓለም ዓይን የቀረው እንደ ረጅም ሰልፍ ነው። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ደግሞ ሰልፉ ፊቱን አዙሮ በሱዳን ጦርነት የተፈናቀሉት በመተማ በኩል ወደ እኛ ገቡ፤ ካሜራውም ተከትሏቸው መጣ። በእነዚህ መካከል ቆላውን ከበሽታ ጋር ብቻ የሚያውቀው አለ፤ ካላዛር የሚባለውን፣ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈውን፣ ከደጋ ለሥራ የወረደውን ጎልማሳ የሚያከሳውን ሕመም።

ከእነዚህ ሦስት ምክንያቶች ውጪ ያለው ቆላ ግን ሥራ የሚሠራ ቆላ ነው። ሰሊጥ ትዕግሥት የሌለው እህል ነው። በክረምቱ መግቢያ ይዘራል፣ በነሐሴ ይታረማል፣ መስከረም አልፎ ፍሬው ሲደርስ ደግሞ ቶሎ ካልታጨደ ልባሱ በራሱ ተሰንጥቆ ዘሩን መሬት ላይ ይበትነዋል። በዚህ ምክንያት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ ብዙ እጅ ያስፈልጋል። ያ እጅ ከደጋው ይወርዳል፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደቡብ ጎንደር። ከሚወርዱት ውስጥ የሚመለስ አለ፤ እዚያው ጎጆ ቀልሶ የሚቀር አለ፤ ወሬው የሚጠፋም አለ። የጠፋው ልጅ እናት ደጋ ላይ ተቀምጣ ከቆላ የመጣውን ሰው ሁሉ ስሙን እየጠራች ትጠይቃለች። እስቲ አንባቢ ያስብልኝ፦ የዚያ ልጅ ፊት በአንድ ከተማ ዐውደ ርእይ ላይ «የላብ ዋጋ» ተብሎ ተሰቅሎ ቢሆንስ? ስሙ ከግርጌው ቢጻፍ ኖሮ ወሬው ወደ እናቱ የሚደርስበት አንድ ቀጭን መንገድ ይኖር ነበር። ስሙ ስላልተጻፈ ግን ፎቶግራፉ ፍለጋውን ለሁለተኛ ጊዜ የዘጋ በር ሆነ።

የራሴን ቅሬታም ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ አሳትሞ ነበር። በአንዱ ወር ገጽ ላይ ጎንበስ ብላ ሰሊጥ የምታርም ሴት አለች፤ ጥቁርና ነጭ፣ ከጀርባዋ ሰፊ ሰማይ። ከግርጌው «አንዲት የቆላ ሴት» ይላል። እኛ የሰፈሩ ሰዎች አንዲት የቆላ ሴት አላየንም። በልቅሶ ቤት ቡና የምታፈላዋን፣ የሁለት መንትዮች እናት የሆነችውን፣ የሚያጭበረብር ነጋዴ ሚዛን አጠገብ ቆማ ኪሎውን በቃሏ የምታሰላውን ጎረቤታችንን አየን። ሥዕሉ ውብ ነበር። ያነሣት ሰው ስሟን እንዳልጠየቃት ስትነግረን ግን በፊቷ ላይ ያየሁት ኩራት አልነበረም። «ከብቱንም ቢሆን የማን ነው ብለው ይጠይቃሉ» ነበር ያለችው። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ ለዚህ ጽሑፍ ፈቃዷን አልጠየቅሁምና። ስሟን ተጠይቃ «አትጻፉት» ያለች ሴትና ስሟን ማንም ያልጠየቃት ሴት ግን የተለያዩ ሴቶች ናቸው። የመጀመሪያዋ ስሟን ሸሸገች፤ የሁለተኛዋ ስም ተነጠቀ።

አሁን ከቆላው ወጥተን ወደ አንድ ደሴት እንሻገር። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የሚያውቁት፣ ብዙዎቻችንም አይተነው ልባችን የተሰበረበት የአንድ ሕፃን ፎቶግራፍ አለ። አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። በ1815 ካልካታ የተወለደችው ይህች ሴት በ1863 መጨረሻ፣ 48 ዓመቷ ሳለ፣ ልጇና አማቿ ካሜራ አበረከቱላት፤ ከዚያም በኋላ የዘመኗን ታላላቅ ሰዎች መልክ ለትውልድ አስቀመጠች። ባለቅኔው ቴኒሰን የደሴት ጎረቤቷ ነበር፤ ቻርለስ ዳርዊን በ1868 በጋ ወደ ዋይት ደሴት መጥቶ ከፊቷ ተቀምጧል። በዚያው በጋ፣ በዚያው ደሴት፣ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስም ከካሜራዋ ፊት ተቀመጠ።

ፊቱን እንየው። ሐዘን ተጭኖታል። ከፎቶግራፉ ግርጌ ምንም ባይጻፍ ኖሮ ምን እንል ነበር? «ሐዘንተኛ ሕፃን» እንል ነበር። «የአፍሪካ ዝምታ» የሚል ርእስ የሚሰጠውም አይጠፋም። ነገር ግን ስሙ ተጽፏል፤ ደጃች ዓለማየሁ፣ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ። ጊዜውም ይታወቃል፤ ሐምሌ 1868። እንግዲህ ስሙና ጊዜው ሥዕሉን ምን እንደሚያደርጉት አንባቢ ይመልከት። አባቱ መቅደላ ላይ በገዛ እጁ የሞተው ሚያዝያ 13 ቀን ነው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ያረፈችው በግንቦት ነው። ከካሜራው ፊት የተቀመጠው ሕፃን በሦስት ወር ውስጥ አባት፣ እናትና አገር ያጣ ሕፃን ነው። ስምና ቀን የሌለው ፊት ያሳዝናል፤ ስምና ቀን ያለው ፊት ይከሳል። የካሜሮን ፎቶግራፍ፣ አንሺዋ ብታስበውም ባታስበውም፣ የክስ ማስረጃ ሆኖ የቆየው በግርጌው ጽሑፍ ነው።

ማስረጃነቱ እስከ ዛሬ ይሠራል። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ፣ በኅዳር 1879፣ ሊድስ ከተማ አጠገብ ሞተ፤ በዊንድሰር ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። ኢትዮጵያ በ2007 ዐፅሙ እንዲመለስ ጠየቀች፤ በግንቦት 2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳያውክ ማውጣት እንደማይቻል ገልጾ ጥያቄውን አልተቀበለም። በዚያው ዓመት መስከረም ግን በካፒቴን ስፒዲ ቤተሰብ እጅ የኖረው የልዑሉ ጕንጕን ጸጉር ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ጠያቂ ያለው ሰው በስሙ ይጠየቃል። ስም የሌለውን ዐፅም ግን ማን ብሎ ይጠይቃል? በዚያ ዘመቻ በየመንገዱ የቀሩት፣ በየወታደሩ ማስታወሻ ላይ «አንድ አበሻ» ተብለው ያለፉት ዛሬ ጠያቂ የላቸውም።

ይህን ስል ካሜሮንን ነፃ እያወጣሁ አይደለም። በእነዚያ ፎቶግራፎች ውስጥ የልዑሉ ሞግዚት ካፒቴን ስፒዲ የአበሻ ልብስ ለብሶ፣ ጦር ይዞ ይታያል። እንግሊዛዊው ኢትዮጵያዊን ይጫወታል፤ ኢትዮጵያዊው ሕፃን ደግሞ የተውኔቱ ማጌጫ ሆኖ ይቀመጣል። የመድረኩ ባለቤት ማን እንደሆነ ጥያቄ የለውም። ካሜሮን ሥራዎቿን ለንደን ባለው የኮልናጊ የሥዕል ንግድ ቤት በኩል ትሸጥ ነበር፤ የሐዘን ገበያ ያኔም ነበረ። ነገር ግን እንኳ ያ ገበያ ለሕፃኑ ስሙን ትቶለታል። በ1868 ለተማረከ ልዑል ያልተነፈገው ነገር፣ ዛሬ በገዛ ወገኖቹ ካሜራ ፊት ለቆመ ሰሊጥ አጫጅ ተነፈገ። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ልዩነቱ የንጉሥ ልጅነት ነው የሚለኝ ካለ፣ እውነቱን ነው፤ ስምን ለመሳፍንት ብቻ የሚሰጥ ጥበብ ግን ራሱን የሕዝብ ጥበብ ብሎ አይጥራ።

ጥቁርና ነጭ «እውነትን ብቻ የሚያስቀር» መስሎ ለሚታያቸው ደግሞ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ካሜሮን የምትሠራው ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ በተቀባ መስተዋት ነበር። ያ ኬሚካል ሰማያዊ ብርሃንን እንጂ ቀዩንና ቢጫውን በወጉ አያይም። ስለዚህ ሰማያዊው ነገር ነጥቶ፣ ቀዩና ቡናማው ደግሞ ከዕውነቱ ይልቅ ጠቁሮ ይወጣል። የጠይም ሰው ፊት በዚያ መስተዋት ላይ ከነበረው በላይ ይጠቁራል፤ የጥለቱ ቀይ ጥቁር ይሆናል። ከፊቷ የሚቀመጠውም ሰው ብርሃኑ እስኪበቃ ድረስ ለደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቆየት ነበረበት፤ ለዚያ ያህል ጊዜ ፈገግታን ይዞ የሚቆይ ሰው ደግሞ የለም። ከዚያ ዘመን ፊቶች የምናነበው ጽሞና ከፊሉ የልብ ነው፣ ከፊሉ የኬሚካል ነው። በኋላ የመጣው ባለቀለም ፊልምም ቢሆን ለረጅም ጊዜ የሚለካው በነጭ ቆዳ ነበር። ስለዚህ «ቀለሙን አውጥቼ ነፍሱን አሳየሁ» የሚል ሁሉ ትንሽ ይታገሥ፤ ነፍስ ያለው ነገር ከእርሱ ማጣሪያ ውጪም አለ። የሰሊጥ አበባ ነጭ ሆኖ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው። የቆላ ሴት ልብስ ከሱዳን ገበያ የመጣ ደማቅ ቶብ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ አመድ አልብሶ «ጥንታዊት አገሬ» ማለት አገሪቱን ማወቅ አይደለም።

እኛ መልክን ከውጭ ሰዎች የተማርን ሕዝብም አይደለንም። ከዋይት ደሴት ወደ ጣና ደሴት እንመለስ። በደቅ ደሴት ባለው ናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ በግንባሯ ተደፍታ የምትታይ ሴት አለች። ሴትዮዋ እቴጌ ምንትዋብ ናት፤ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራችው፣ የቋራ ወገን የሆነችው ንግሥት። በዚያ ዘመን ሥዕል ያሠራ ሰው ከቅዱሳኑ እግር ሥር ተደፍቶ ይሣላል፤ በአጠገቡም እገሌ ወይም እገሊት እንደ ተማፀነ የሚል ጽሑፍ በስሙ ይጻፋል። ሠዓሊው ስሙን ብዙ ጊዜ አይጽፍም፤ የተሣለው ሰው ስም ግን አይቀርም። ዛሬ ነገሩን ገልብጠነዋል። ከቋራ የወጡ ሁለት መልኮች አሉን፤ የምንትዋብ በጣና ደሴት፣ የቴዎድሮስ ልጅ በዋይት ደሴት። አንደኛዋ ራሷ ፈቅዳ ያሠራችው ነው፤ ሁለተኛው ሳይጠየቅ የተነሣው ነው። ሁለቱም ግን በስማቸው አሉ። ራሱ ቴዎድሮስ ፎቶግራፍ የለውም፤ ከሞተ በኋላ የተነደፈው ፊቱ ቀርቷል። መልክ ሳይኖረው በስሙ ብቻ የቆመ ሰው ቢኖር እርሱ ነው።

ሥነ ጽሑፋችንም ይህን ያውቃል። በግእዝ «መልክዕ» የሚባል የቅኔ ዘር አለ። ደራሲው የቅዱሱን አካል ከጸጉሩ እስከ ጥፍሩ ድረስ አንድ በአንድ እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል፤ ለዓይኑ አንድ ስንኝ፣ ለጆሮው አንድ ስንኝ፣ ለእጁ አንድ ስንኝ። ይህ ከፎቶግራፍ በፊት የነበረ የመልክ ጥበብ ነው። የዚህ ጥበብ ሕግ ደግሞ ግልጽ ነው፤ መልክዕ የአንድ ስም ያለው ሰው መልክዕ ነው። «መልክዐ ኢየሱስ»፣ «መልክዐ ማርያም» ይባላል እንጂ «መልክዐ አንዲት ሴት» አይባልም። ይህን ቅርስ የወረሰ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ስም የሌለውን ፊት በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ሲያኖር፣ ከአባቶቹ ጥበብ በታች እንጂ በላይ አልሄደም።

ክርክሩ በውጭው ዓለምም አዲስ አይደለም። ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ በ1984 እና በ1985 ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከሚባለው ድርጅት ጋር ሆኖ የሳህልን ረኀብ አነሣ፤ ኮረም ላይ ያነሣቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች የዓለምን ዓይን አስለቅሰዋል። ሳልጋዶ በግንቦት 2025 ሲሞት ዓለም እንደ ታላቅ ጌታ አለቀሰለት፤ ይገባዋልም። ሆኖም ሱዛን ሶንታግ በ2003 ባወጣችው፣ የሌሎችን ስቃይ ስለ መመልከት በሚናገረው መጽሐፏ፣ ስደተኞችን በሚያሳዩት ሥራዎቹ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አንሥታለች። ስም ሳይጠራ የሚቀር የመልክ ፎቶግራፍ፣ ስም የታላላቆች ብቻ እንዲሆን ከሚያደርገው የዝነኞች አምልኮ ጋር ሳያውቀው ይተባበራል፤ ሌላውን ሁሉ የመደቡ ወይም የመከራው ናሙና ያደርገዋል ነው የምትለው። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ከአማርኛ የተማርሁትን ነው፦ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ኮረም ላይ መቃብሩ የተቆፈረው በብዛት ነበር። ከመቃብሩ በላይ ሊውል የሚችለውን ነገር ለመጻፍ ግን አንድ እርሳስ ይበቃ ነበር።

ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ ዐውቃለሁ። የመጀመሪያው «ሰውዬው ምሳሌ ነው፤ ስሙ ቢጻፍ ሁሉን አቀፍነቱ ይጠፋል» የሚለው ነው። ቆስጠንጢኖስ ማኖስ የሚባል ከግሪክ ስደተኞች አሜሪካ የተወለደ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ በ1961 እና በ1964 መካከል ወደ ግሪክ ሄዶ የመንደሩንና የደሴቱን ሕይወት በጥቁርና ነጭ አነሣ፤ ሥራውም በ1972 በመጽሐፍ ወጣ። ካርፓቶስ ደሴት ላይ ያነሣቸው ጥቁር የለበሱ ሴቶች በእውነት ልብ ይነካሉ፤ በፍቅር ነው ያያቸው። ነገር ግን ከግርጌያቸው በአብዛኛው የምናነበው ቦታና ዓመት ነው። እኔ ከአብርሃ ጅራ ሆኜ እነዚያን ሴቶች ሳይ እናቶቼን አስታውሳለሁ፤ ምሳሌነቱ ሠርቷል ማለት ነው። የአንዷ ስም ቢነገረኝ ግን እናቴን ማስታወሴ አይቀርም ነበር፤ እንዲያውም እህትማማቾች እናደርጋቸው ነበር። ቴዎድሮስን ስሙ ስላለው ምሳሌ ከመሆን አልከለከለውም። ስም ምሳሌነትን አይገድልም። ስም የሚገድለው ስንፍናን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው፦ «ስም አደጋ ያመጣል» ይላል። እውነት ነው። ጦርነት ባለበት ድንበር፣ የታመመ ሰው በተኛበት ክፍል፣ ስደተኛ በሸሸበት መንደር ስምን ማውጣት ሰውን ማጋለጥ ሊሆን ይችላል። ሐኪም የሕሙሙን ስም ቢሸሽግ ግዴታውን ፈጸመ። ነገር ግን ይህ ክርክር ስምን አለመጻፍን እንጂ ስምን አለመጠየቅን አያጸድቅም። ስም ተጠይቆ በማስታወሻ ደብተር ይጻፋል፤ ባለቤቱ እስኪፈቅድ ወይም አደጋው እስኪያልፍ ይቆያል። «ስሟ ለደኅንነቷ ሲባል አልተጠቀሰም» የሚል አንድ መስመር እንኳ ሴትዮዋ ስም እንዳላት ይመሰክራል። የቀን መቁጠሪያዋን ጎረቤቴን ስም ከማንም አደጋ ለመጠበቅ አልነበረም የተዉት። ማንም አላሰበውም፤ ያ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ሕዝቡ ራሱ አይጨነቅበትም» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው የኢትዮጵያ ቤት ግድግዳ አይቶ አያውቅም። በጎንደርም በገንዳ ውኃም በአብርሃ ጅራም ካሉ ፎቶ ቤቶች የወጡ ሥዕሎች አሉ፤ ጉርድ ፎቶግራፉ፣ በተሣለ መጋረጃ ፊት ቆመው የተነሡት ጓደኛሞች፣ ሙሽራይቱ፣ ዘማቹ። ጥቁርና ነጩ እንዳይከፋ ብሎ ከንፈሯን በእጁ ቀይ የቀባላት ባለሙያ ነበር። ሥዕሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። «ለማስታወሻ» ይላል፤ የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ ቀኑና ከተማው በእስክሪብቶ ተጽፈዋል። ድሃ የተባለው ሕዝብ ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ጀርባ ያደረገው ይህን ነው። ሰው ሲሞትም ያ ፎቶግራፍ ይወጣል፤ ልቅሶ ላይ ይያዛል፣ አልቃሿም ፊቱን እያየች ስሙን ታነሣለች። ሕዝቡ የፊትንና የስምን ነገር ከዐውደ ርእይ አዘጋጆች በላይ ያውቃል።

መልካም አርአያም ጠፍቶ አይደለም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ በአዲስ አበባ የቤተ መንግሥቱንና የከተማውን ሰው መልክ አንሥተዋል። ሸመልስ ደስታ ከ1963 እስከ 1982 የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እስከ ደርግ ያለውን ዘመን ጠብቆ አቆይቶልናል። አይዳ ሙሉነህ በ2010 የጀመረችው የአዲስ ፎቶ ፌስት ካሜራውን በራሳችን እጅ አስገብቶ መድረክ ሰጥቷል። ከሁሉ በላይ ለዚህ ክርክሬ የሚጠቅመኝ ግን ወጣቶች «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ብለው የጀመሩት ሥራ ነው። እነርሱ አዲስ ፊት ፍለጋ ገጠር አልወረዱም፤ ወደ ሰዎች ቤት ገብተው የቤተሰብ አልበም አስከፈቱ፣ ባለቤቶቹም ታሪኩን በራሳቸው አፍ ነገሯቸው። እዚያ ያሉት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ዕድሜያቸው የእውነት ነው፤ ስማቸውም የእውነት ነው።

ታዲያ የቆላውን ማን ይክፈተው? ፎቶ ቤቶቹ ወደ ኮምፒዩተር ሲዞሩ አሮጌው ነጋቲቭ በየካርቶኑ ወደ ጓዳ ተገፋ፤ ሙቀትና አቧራ ፊልምን አይምሩም፣ የቆላ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው። በዚያ ካርቶን ውስጥ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል ለእናቱ የሚልከውን ፎቶ የተነሣ ልጅ አለ። የአገራችን የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ለግጥም መድበል ሽፋን የሚሆን ፊት ሲፈልጉ፣ ያን ካርቶን ከመፈለግ ይልቅ ስም የለሽ አሮጊት ከኢንተርኔት ማውረድ ይቀላቸዋል። ይህን ነው የምከስሰው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም፣ ሦስት ነገር ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ከማንሣቱ በፊት ስም ይጠይቅ፤ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ይጻፍ። ካነሣ በኋላ አንድ ቅጂ ለተነሣው ሰው ያድርስ፤ ዛሬ ይህ በስልክ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። አሳታሚውና ገጣሚውም በሽፋኑ ላይ ያለው ሰው ማን እንደሆነ መመለስ ካልቻሉ ያን ሽፋን ይተዉት፤ ነጭ ወረቀት ከተሰረቀ ፊት የበለጠ ክብር አለው። አንባቢም ድርሻ አለው። ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያይ ከማድነቁ በፊት «ማን ትባላለች?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው ሲደጋገም መልስ የሌላቸው መጠየቁን ሳይወድዱ ይማራሉ።

ጎረቤቴ በዚህ ዓመትም ሰሊጥ ታርማለች። ካሜራ የያዘ ሰው እንደገና ቢመጣ አትከለክለውም፤ የቆላ ሰው እንግዳ አይመልስም። መጀመሪያ ግን ስሙን ትጠይቀዋለች። እርሱም የእርሷን ይጠይቅ።